የቪትዟ አፍንጫ

የካቲት 4

ጃርሶ፣ መኪናህ ሸተተች።

እኔ ምንም አላደረግሁም። ቁልፉን የነካሁት ዛሬ ነው፤ አባዬ “ባትሪዋ እንዳይሞት አስነሳት” ስላለኝ። ማራገቢያውን ስከፍት ከፊት ቀዳዳዎቿ የወጣው ነገር... እርጥብ ካልሲ? የከረመ በግ? አንተ እያለህም እንዲህ ነበረች? ፈረንጅ ቱሪስቶችን ወንጪ ሐይቅ ስታደርስ አፍንጫቸውን በሻርፕ የሚሸፍኑት “ብርድ ስለማይችሉ ነው” ትለን ነበር። አሁን ገባኝ።

እማዬ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እንጭኒ፣ አባቷ ዘንድ መሄድ ትፈልጋለች። አያታችን አልጋ ላይ ስለሆነ ለለቅሶህ መምጣት አልቻለም። “አባቴ የልጅ ልጁን ብቻውን እያለቀሰ ነው” ትላለች፤ በየቀኑ። ማራገቢያው ትንሽ እንደነፈሰ አስሟ ተነሳ። ደግፈን አወጣናት። መስኮት ቢከፈት የመንገዱ አቧራ፣ ቢዘጋ ሽታው። አውቶቡስ አይሞከርም። በምን ትሂድ?

የካቲት 5

ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ከእማዬ ተነስቶ ወደ መኪናዋ ይሄዳል። ጭንቅላቱን በመስኮት ያስገባል፣ ፊቱን አጨማዶ ያወጣል፣ ፍርድ ይሰጣል።

አክስታችን ፋንቱ፦ “የሞተ አይጥ ነው።”

የአባዬ የቢሮ ጓደኛ፦ “ቤንዚኑ ተበርዞ ነው።”

አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ፦ “ይጸለይላት።”

የወፍጮ ቤቱ ኦቦ ኢዶሳ ደግሞ ሊገዛት ፈልጎ ጎማ ጎማውን በእግሩ ይመታል። አባዬን፣ “ነገራ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?” ይለዋል፤ በአንድ ትንፋሽ!

አባዬ ደክሞታል። “በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ናና ውሰዳት። ባለቤቴን አባቷ ዘንድ ካላደረሰችልኝ ምን ታደርግልኛለች?” አለው።

ልብስህን ዘመድ ተከፋፈለው። መኪናህም ከሄደች ምን ቀረን?

የካቲት 7

ጋራዥ ሄድን። ሰውየው ኮፈኑን ከፈተ፣ ከሞተሩ አጠገብ የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ አወጣ፣ በኮምፕሬሰር ነፋው፣ እኛንም አብሮ ነፋን። “አሁን እንደ አዲስ ትተነፍሳለች” አለ። እሷስ ተነፈሰች። እኛ ነን ያቃተን።

ከሰዓት ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ስለ መኪና ሽታ አንዲት አጭር ቪዲዮ ለማየት እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ፈረንጁ አፉን ከፍቶ ይቆማል፣ የመጫኛው ክብ ይዞራል፣ ይዞራል... ፈረንጁ አንድ ቃል ይናገራል።

ለካ ፊልትሮዋ ሁለት ነው! አንዱ ለሞተሩ፣ አንዱ ለሰው። የሰው የሚባለው ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለችው ሳጥን ጀርባ ነው። በዓመት አንዴ ይቀየራል፤ አቧራ ባለበት አገር ከዚያም በፊት። ሽታ ሲመጣ ወይም የማራገቢያው አየር ሲደክም ደግሞ ወዲያውኑ። (ፈረንጁ “አቧራ” ሲል የእኛን የደንዲን መንገድ አላየም።) አንተ መኪናዋን ከገዛህ ጀምሮ ነክተኸው ታውቃለህ? አታውቅም። አልዋሽልህም።

ለአባዬ ነገርኩት።

“ለሰው? መኪና ስለ ሰው አፍንጫ ምን አገባት?”

የካቲት 8

እማዬ በነጠላ አፍንጫዬን አስራ ነው የላከችኝ። አባዬ የእጅ ባትሪ ያበራል፣ ፋንቱ ትመራለች።

ሳጥኗን ባዶ አደረግሁ። ግራና ቀኟን ወደ ውስጥ ስጫን ታጥፋ ወረደች። ከጀርባዋ ጠባብ ክዳን አለ። ከፈትኩት፣ ፊልትሮውን እንደ መሳቢያ ሳብኩት።

ወይ ጉድ!

ነጭ ወረቀት መሆን ነበረበት። ያረረ አምባሻ ነው የመሰለው። የወንጪ አቧራ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ የአይጥ ቤት። ከወንበሩ የተነቀለ ስፖንጅ ተነጥፎበታል። ጓዳ ሁሉ አለው፤ ጓዳው ውስጥ ያንተ ቆሎ! እየነዳህ ስትቆረጥም የምታራግፈውን ስታበላው ነው የኖርከው።

“አይጥ ነው አላልኩም?” አለች ፋንቱ።

“የሞተ ነው ያልሽው” አላት አባዬ። “ይሄ እኮ ባለ ንብረት ነው።”

ሲስቅ አየሁት። ወዲያው ደንግጦ ባትሪውን አጠፋ።

የካቲት 11

ከበበው የሚባለው የሚኒባስ ሹፌር አዲሱን ፊልትሮ ከአዲስ አበባ ላምጣላችሁ ብሎ አሮጌውን ለናሙና ወሰደ። ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ተሳፋሪው “ወይ እሱ ይውረድ ወይ እኛ” አለ አሉ። ከበበውም ለክቶት በወረቀት ላይ ሥሎት ሄደ።

የካቲት 14

መጣ! ነጭ፣ ንጹሕ፣ በላስቲክ የታሸገ።

“ላስቲኩን እንዳትነካ!” አለ አባዬ።

ታውቀዋለህ። ሶፋችን በላስቲክ፣ ሪሞቱ በላስቲክ፣ የሰርጋቸው ፎቶ በላስቲክ። የቪትዟን የወንበር ላስቲክ ስትቀድ ሳምንት አኩርፎህ የለ?

“አባዬ፣ አቧራ እንዲይዝ እኮ ነው የተገዛው።”

“ይያዝ። ከላስቲኩ ውጪ ይያዝ።”

ምን ልበል? ጠርዙ ላይ የተሳለውን የአየር አቅጣጫ ቀስት ወደ ታች አድርጌ፣ ከነላስቲኩ አስገባሁት። ማራገቢያውን ከፈትን። አሸተትን። ምንም የለም! ፋንቱ እልል አለች። አባዬ ትከሻዬን መታ።

ከዚያ እማዬ እጇን ቀዳዳው ላይ አድርጋ ቆየች።

“አየሩስ?”

አየርም የለም። ማራገቢያው ይጮኻል፣ የሚወጣ ነገር የለም።

“ቢሆንም ንጹሕ ነው” አለ አባዬ። ቅዳሜ ኢዶሳ ይመጣል።

የካቲት 16

ጠዋት እማዬ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። አባዬ ፊት ቆመች።

“ነገራ። እኔ ነኝ ወይስ ላስቲኩ?”

አባዬ ፊልትሮውን አስወጣኝ። መቀስ አላመጣም፣ በጥርሱ ቀደደው። ራሱ አስገባው፣ ቀስቱንም እኔን ሳይጠይቅ ወደ ታች አደረገ።

እማዬ ከፊት ገባች። “መስኮቱን ዝጉ። ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት።” ነጠላዋ በነፋሱ ተነሳ። ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። እኛ ውጪ ሆነን እሷን እናያለን፣ ሳል እንጠብቃለን... አልመጣም። በሩን ልከፍትላት ስል ከውስጥ ቆለፈችው።

“አልወርድም! እንሂድ!”

በዚህ መሀል ኢዶሳ ደረሰ፣ መካኒክ አስከትሎ።

“ሂን ጉርጉራምቱ!” አለው አባዬ። ያልሰማ እንዳይኖር በአማርኛም ደገመው፦ “አትሸጥም!”

“ታዲያ ለምን ቅዳሜ ና አልከኝ?”

“ለቅሶ የምትደርስ መስሎኝ ነዋ።”

አባዬና እማዬ ወደ እንጭኒ ሄዱ፣ ፋንቱም ጭምር። እኔ ሰኞ የሒሳብ ፈተና ስላለብኝ ቀረሁ።

የካቲት 17

ጠዋት እማዬ ደወለች። ጊንጪን እንዳለፉ እንቅልፍ ወስዷት፣ እንጭኒ ነው የነቃችው። አንዴም አላሳላትም። “ከአባቴ ጋር አለቀስን። አሁን ጨጨብሳ እየበላን ነው። ኢብሳ ልጄ፣ አንተ በላህ?”

በላሁ አልኳት። አልበላሁም ነበር።

ስልኩን ዘጋሁት። ቤቱ ጭር አለ። ጃርሶ ከሞተ ጀምሮ ይህ ቤት ከሰው ተለይቶ አያውቅም። የመጣው ሁሉ ጆሮዬ ላይ “አንተ ወንድ ነህ፣ እናትህ ፊት እንዳታለቅስ” እያለኝ ነው የሚሄደው። ዛሬ እናቴ የለችም። ማንም የለም።

ሳሎን መሀል ቆሜ አለቀስኩ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ከዚያ ስሙን እየጠራሁ። የጎረቤት ውሻ ሰምቶኝ አብሮኝ ማላዘን ጀመረ። ዝም ስል ዝም ይላል፣ ስጀምር ይጀምራል። በመጨረሻ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ከዚያ በጣም ራበኝ። ሦስት እንቁላል ጠበስኩ። አረረ። ከነመጥበሻው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም በላሁት።