ከሰፈራችን ወደብ

ለእትዬ ተናኜ፦ የጉልበትዎ ነገር እንዴት ሆነ? እኛ ከቶሮንቶ ሙቀት በቀር የምንከሰው የለንም።

ታላቃችንን ጋሼ ዘርይሁንን ይዤ ልመጣ ያሰብኩት ቀርቶ መርከብ ተሳፈርን። ዘንድሮ እዚህ ያለው ሰው የኤርፖርት ወረፋ ሰልችቶት ከሰፈሩ ወደብ ተነሥቶ የካናዳን ታላላቅ ሐይቆች መዞር ይዟል። ከሰፈራችን ከዳንፎርዝ ሃያ ደቂቃ በታክሲ ለመሄድ፣ ዓለምን ሊዞር የተነሣ ያህል ሻንጣ ይጎትታል። እኛም ጎተትን። የጋሼ ሐኪምም ለጊዜው ቅርብ ቅርቡን ይሁን ብሏል።

አርብ ራት ላይ ጋሼ የበሬ ጥብሱን አስደገሙ። አርባ ዓመት ጾም ገድፈው የማያውቁት ሰውዬ!

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ አርብ ነው» አልኳቸው።

«ውኃ ላይ ደግሞ ምን አርብ አለ፣ አንተ መነኩሴ!»

አስተናጋጇ ሳይገባት ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ የክፍላችንን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ኪሳቸው ከተትኩ፤ የመርከብ ኮሪደር ሁሉ ይመሳሰላል። ከወረድን በኋላ የቤታችንን አድራሻ ተካሁበት። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

እሑድ ሲደውሉ ግን፣ እትዬ፣ አስቀድመው ስምዎንና የማን ልጅ እንደሆኑ ይንገሯቸው። ሰሞኑን መስመሩ ጥሩ አይደለም።

አምላክ በጤና ያገናኘን፤ ቢቻል ዘንድሮ።

ታናሽ ወንድምዎ ታዴዎስ