ከጭብጨባው በኋላ

ጥር 14፣ እሁድ ከሰዓት

በጣም ለናፈቅሽኝ ባለቤቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? እኔና ሚጢጢ ደህና ነን። ልጅሽ ሁለት ጥርስ ጨምራለች፤ ስለታቸውን የምትሞክረው በእኔ ጣት ነው።

ፀጉር ቤት የሚመጣው ሁሉ "ባለቤትህ ውጭ ምን ልትሠራ ሄደች?" ይለኛል። "እናቶቻችን ልጅ ሲያስተኙ የሚሉትን እሹሩሩ ለውጭ ሰው እንድታስረዳ መንግሥት ልኳት" ስል፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል፤ ቶንዶሱን አንስቼ እስኪበቃው እጠብቃለሁ። ትናንት አንዱ፣ "የእናንተንስ ልጅ ማን ያስተኛል?" አለኝ። "እሷው ናታ!" አልኩት።

እውነቴን ነው። እኔ እሹሩሩ ስል ልጅቷ ጭራሽ ትነቃለች። እናትሽ እንኳ "ኧረ ልጄ፣ አንተስ ዝም በልላት!" ብለውኛል። ስለዚህ በዚያ ትልቅ አዳራሽ ያደረግሽውን ንግግር በስልኬ እከፍትላታለሁ። በሰው ቋንቋ የምታስረጂውን እንደገባት ሁሉ ጣቷን እየጠባች ታዳምጣለች፤ እሹሩሩውን ስትጀምሪ ዓይኗ ይከደናል። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ብንን ትላለች። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ለምዳ አብራ ታጨበጭብ ጀመር። አጨብጭባ ስታበቃ በሩን በሩን ታያለች። እሱን ማየት አልቻልኩም።

ባለፈው ስትደውዪ "ሁለት አገር ጨምሪ ብለውኛል፣ ምን ይሻላል?" ብለሽኝ ነበር። ድምፅሽ ውስጥ ያለውን ደስታ ሰምቻለሁ። ሂጂ። በየደጁ ዞረሽ ከእናቶች አፍ የለቀምሽው ዜማ በሰው አገር ተከብሮ ሲሰማ፣ እኔ እንቅፋት አልሆንብሽም። የጭብጨባውንም ነገር መላ አበጅቼለታለሁ። ስልክ ጠጋኙ ጎረቤታችን ከእሹሩሩው በኋላ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ጣለልኝ። ሚጢጢ አሁን ሳትባንን ታድራለች።

እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ጭብጨባው ሲያበቃ ለአዳራሹ ሰው በእኛ ቋንቋ "ደህና እደሩ" ትዪ ነበር፤ እሱም አብሮ ተቆርጧል። ለካ እኔ የምተኛው በእሱ ኖሯል።

በሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ አምላክ በሰላም ይመልስሽ። ሚጢጢን ስሜልሻለሁ። ቀን ላይ ብታነቢውም፣ ደህና እደሪ።

ፀጉር አስተካካዩ ባልሽ