ሊፍት ውስጥ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ዳገቱን እሺ አለው? ዓይንሽስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከዚህ ከኩዌት፣ ከአርዲያ ሰፈር ሙቀት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ እሱም ለእኔ ብቻ የመጣ አይደለም።

ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ በስልክ ለእህቴ ለሃጀር እልከዋለሁ፤ ስታነብልሽ አንድም መስመር እንዳትዘል። ስድስት ዓመት ሙሉ አሠሪዬ ማዳም ኢጃዛ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ ከለከለችኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። ሴትዮዋ ወደ አገርሽ ሂጂ ብላ ሁለት ጊዜ ትኬት ቆርጣልኛለች። ሁለቱንም ጊዜ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በር ሲዘጋብኝ ትንፋሼ ይቆማል፤ የአውሮፕላን በር ደግሞ አንዴ ከተዘጋ በልመና አይከፈትም። ወደዚህ ስመጣም ከጎኔ የተቀመጠችውን ሴት ክንድ ጨምድጄ ነው የደረስኩት። ስለዚህ በማዳም ላይ ያደረግሽውን ዱዓ ቶሎ አንሺላት። ባለፈው ወር ጥርሷን ሲያማት ከልቤ ደንግጫለሁ።

ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ትንሽ ሊፍት አለው። እኔ ልብስ ተሸክሜ በደረጃ እወጣለሁ። ማዳም ስፖርት የምወድ መስሏት ለእንግዶቿ ታወድሰኛለች። ልጇ ለይላ ግን ዩኒቨርሲቲ ስለ አእምሮ ትማራለችና ነቃችብኝ። አንጎል እስከ እርጅና ድረስ ይለወጣል አለችኝ። እኔ እንደገባኝ እንደ ጋራችን የእግር መንገድ ነው፤ አሮጌው የፍርሃት መንገድ ባይጠፋም፣ አጠገቡ ሌላ ደጋግመሽ ከረገጥሽ እግር አዲሱን ይለምዳል። ፍርሃቱ ከየት ጀመረ ስትለኝ አላውቅም አልኳት።

መጀመሪያ በሩን ክፍት አድርገን፣ ሊፍቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርት ላጥኩ። ማዳም አየችኝና ኩሽናው ጠቧት ነው ወይ ብላ ልጇን ጠየቀች። ለይላ ሕክምና ነው አለቻት። ማዳም ሕክምናው ይሸታል ብላ ሄደች። ቀጥሎ በሩ ተዘግቶ እስከ አሥር ቆጠርኩ፤ በላብ ታጠብኩ፤ ሳልሞት ተከፈተ። በማግስቱ እስከ ሃያ። ከዚያ አንድ ፎቅ።

በአርባኛው ቀን አንሶላ ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ከደረስኩ በኋላ አንድ ነገር ታወቀኝ፦ መፍራቱን ረስቼዋለሁ። መድኃኒት አልዋጥኩ፣ ማንም አልነካኝ። እኔ ሽንኩርት ስልጥ፣ ውስጤ መንገድ ሲጠረግ ከርሟል። ሱብሐነላህ! አንሶላውን አስቀምጬ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ የሰው ብርጭቆ እንደያዘ ሰው፣ ተጠንቅቄ። ይህን ሁሉ ዘመን ምን ተሸክሜ እንደምዞር አላውቅም ነበር።

እማዬ፣ ያ ጎተራ አሁንም አለ? ሊጠልፉኝ የመጡ ዕለት እኔን ከትተሽ፣ ክዳኑን ገጥመሽ፣ ልጅቷ የለችም እያልሽ አጠገቡ ጥጥ ስትፈትይ የዋልሽበት? ባትደብቂኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍ እጅ የሌላ ሰው ይሆን ነበር። እንዳታፈርሺው። ገብቼ ክዳኑን ራሴ እገጥመዋለሁ፤ አንቺ ውጭ ሆነሽ እስከ አሥር ቁጠሪልኝ።

አላህ ዓይንሽን ያቆይልኝ፤ የሚያየው አለና። ሐሙስ ጠዋት ወደ አንቺ የሚያመጣኝ አውሮፕላን በሩ ይዘጋል። ከጎኔ ለሚቀመጠው ሰው ክንድ ግን፣ ለማንኛውም፣ ዱዓ አድርጊለት።

ከጎተራሽ የወጣችው ልጅሽ