ስለ ደረትዎ ልክና ስለ አማቴ ሳንባ

ለክቡር አቶ ሠረቀብርሃን
የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
መቐለ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም ያ ሰፊ ደረትዎ እንደምን ከርማችኋል እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ደረትዎን ለይቼ መጠየቄ ድፍረት አይሁንብኝ፤ ዘንድሮ ሰባት ሳምንት ሙሉ በቀጠሮ ስመላለስ፣ ከራጅ ክፍሉ በር አጠገብ በመስታወት ተከቶ፣ ከኋላው መብራት በርቶለት ከተሰቀለው የደረትዎ ፊልም ፊት ለፊት ስቀመጥ ስለከረምኩ ከዘመድ ቆጥሬዋለሁ።

እኔ ወንድሜነህ የተባልኩ፣ ቃላሚኖ አካባቢ የምኖር የፊዚክስ አስተማሪና የአደይ ለተመድህን አማች ነኝ። አደይ አርባ አንድ ኪሎ የሚመዝኑ፣ ሳል የጠናባቸው እናት ናቸው። ሐኪምዎ አክታቸውን አስመርምሮ ምንም ስላላገኘ፣ ነገሩን የሚለየው ራጅ ነው ብሎ ላካቸው። እርሳቸውም «የሳንባ ነቀርሳ ቢሆንስ፣ ለልጅቷ ቢተላለፍባትስ?» ብለው ስለፈሩ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ከሦስት ዓመቷ ልጄ ከሳሊና ተለይተው፣ ክፍላቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ውጤቱ ግን ሊታወቅ አልቻለም። ስለዚህም ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ፕላስተሩ። የራጅ መሣሪያው በተመረቀ ዕለት የመጀመሪያው ተነሺ እርስዎ እንደነበሩ፣ ፊልምዎም እጅግ አምሮ በመውጣቱ የጨረሩ መጠን መቆጣጠሪያ በዚያው ቁጥር ላይ እንዲቆም ተደርጎ፣ በፕላስተር ታሽጎ «እንዳይነካ» ተብሎ እንደተጻፈበት በዐይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቻለሁ። የሹም ልክ የአገር ልክ መሆኑ የሚያስመሰግን እኩልነት ነው። ችግሩ ጨረር ሹም አለማወቁ ነው። ወፍራም ደረት ብዙ ጨረር ስለሚያስቀር ብዙ ይፈልጋል፤ በአደይ ደረት ግን ያው ጨረር እንዳሻው አልፎ ፊልሙን ከሰል አስመሰለው። በመጠን ከእርስዎ የሚበልጡት ነጋዴው ጎረቤቴ አቶ ሽሻይ በበኩላቸው ጨረሩ አልበቃ ብሏቸው፣ ሳንባቸውና አጥንታቸው ሳይለይ ነጭ ሆነው ወጥተዋል። ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ለሐሩም ለጂንሱም የካውያዋን ሙቀት ትለዋውጣለች፤ እስከ ዛሬ ማንም በሥራ አስኪያጁ ሱሪ ልክ አላሸገባትም።

፪. ስለ ምክሩ። የራጅ ባለሙያው አቶ ሕሉፍ ትሑት ሰው ናቸው። ጥቁሩን ፊልም አይተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ «አደይ፣ ትንሽ ወፈር ብለው ይመለሱ» አሉ። መሣሪያውን ለሕመምተኛው ማስተካከል ከተከለከለ፣ ሕመምተኛውን ለመሣሪያው ማስተካከል ነው እንግዲህ! እኛም ታዘዝን። ወሩ ዐቢይ ጾም ስለነበር ቅቤ አይታሰብም፤ በተልባና በሰሊጥ ሦስት ሳምንት ታግለን ግማሽ ኪሎ አተረፍን። ሁለተኛው ፊልም በዚያችው በግማሽ ኪሎ ያህል ነጣ ያለ ጥቁር ሆነ።

፫. እዚህ ላይ ግን ቀልዴ ይቋረጥብኛል። ሳሊና በየጠዋቱ የአያቷን በር እያንኳኳች «ዓባየይ፣ አኩርፈሽኝ ነው?» ስትል፣ አደይም ከውስጥ አፋቸውን በነጠላ አፍነው ሲያለቅሱ ሰባት ሳምንት ሰምቻለሁ። ተናድጃለሁ፤ ይህን ስጽፍም አልበረደልኝም።

በመጨረሻ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ወዳለች አንዲት ጠባብ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ትህትና የምትባል ባለሙያ የደረታቸውን ውፍረት ለክታ፣ ቁጥሩን ዝቅ አድርጋ፣ ትንፋሻቸውን አስይዛ አነሣቻቸው። መሣሪያዋ ከእርስዎ መሣሪያ በዕድሜ ታላቅ ነው፤ አልተመረቀም እንጂ ይሠራል። የጎድን አጥንታቸው አንድ በአንድ የሚቆጠር ፊልም ይዘን ወደ ሐኪምዎ ተመለስን፤ ከሳንባቸው ግርጌ ትንሽ ጥላ አየና የሳንባ ምች ነው ብሎ የአሥር ቀን መድኃኒት አዘዘላቸው። ሳሉ ለቀቃቸው፤ ሳሊናም ጭናቸው ላይ ተመልሳለች።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ፕላስተሩን ያስነሡልን ዘንድ፣ ይህ ከከበደዎም በዚህች ከተማ የእርስዎን ያህል ደረት ያለው ሰው ብቻ እንዲታመም መመሪያ ያወጡልን ዘንድ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

እንደ ፊልምዎ ያማረ ጤና እየተመኘሁ፣
በደረትዎ ብርሃን ሰባት ሳምንት ስሞቅ የከረምኩት ታዛዥዎ፣
ወንድሜነህ
የባለ አርባ አንድ ተኩል ኪሎዋ እናት አማች

ማስታወሻ፦ አደይ ለተመድህን አዲሱን ፊልማቸውን ይዘው ከራጅ ክፍሉ በር አጠገብ የሐኪሙን ወረፋ ሲጠብቁ፣ ከተሰቀለው ፊልምዎ ጋር ጎን ለጎን ቢያስተያዩት የእርሳቸው ልብ በአንድ በኩል፣ የእርስዎ ደግሞ በሌላው በኩል ሆኖ አገኙት። ሐኪሙን ብንጠይቀው፣ ፊልምዎ ከምረቃው ቀን ጀምሮ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ እንደተሰቀለና እስከ ዛሬ ሊነግርዎት የደፈረ ሰው እንደሌለ ሹክ አለን። እኔ አሁኑኑ ዞሮ እንዲሰቀል ላመለክት ስነሣ፣ አደይ ለተመድህን እጄን ይዘው «ተወው ልጄ፣ የእሳቸው ልብ ያለው በዚያው በኩል ነው፤ በትክክል ነው የተሰቀለው» ብለውኛል።