ማይነሱ የጠፋበት ቀመር

መጋቢት 12፣ ከሥራ መልስ

ጩጬዬ፣ የኔ ጌታ፣

እንዴት ነህልኝ? ሁላችንም ደህና ነን ልልህ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። አባዬ እዚያኛው ክፍል ይንጎራደዳል። እኔም ከእሱ አልተሻልኩም።

በስልክ የነገርኩህ የሙከራ ፕሮግራም አልቋል። ከላይ ቀመሩን በተራ ፊደል ትጽፍለታለህ፣ ከታች መጽሐፍ ላይ እንዳለው አሳምሮ ይስልልሃል። በቃ፣ ይኸው ነው ሥራው። አለቃዬ "ዋናው ሶፍትዌር ውስጥ ሳናስገባው የሒሳብ ሰው ይየው" ሲለኝ፣ ከአባዬ ሌላ ማን አለኝ? ማስተማሩን ካቆመ ወዲህ እጁ ሥራ ፈትቷል። ላፕቶፑን አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

ብታየው! መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ክፍል የገባ መሰለ። "የዚህ ስኩዌር ሩት ምልክት ጣሪያው አጥሯል፤ ክፍልፋዩን ዝናብ ይመታዋል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አስተካከልኩት። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ከዚያ የኳድራቲክን ቀመር ራሱ ጻፈ፣ አንተንና እኔን ጨምሮ ስንቱን ተማሪ ያሻገረበትን። ስክሪኑ ላይ ግን ቢ ስኩዌር ማይነስ ፎር ኤሲ መሆን ያለበት በፕላስ መጣ። ክው አልኩ። ፕሮግራሙ ምልክት የሚገለብጥ ከሆነ አለቀልኝ። በማግስቱ ቢሮ ኮዱን ስበረብር ዋልኩ፤ ማይነስን ከሩት ውስጥም ከሩት ውጭም ሞከርኩ፣ ሁሉም ልክ ነው። በመጨረሻ አባዬ የጻፈውን መስመር አየሁት። እሱ ራሱ የጻፈው ፕላስ ነው።

ቤት ስገባ "አባዬ፣ እስቲ ያቺን ቀመር ድገምልኝ" አልኩት። ጻፈ። ያው ፕላስ። ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና "አየሽ፣ አሁን ቁልጭ አለ!" አለኝ።

ምን ልበለው? "አዎ፣ ቁልጭ አለ" አልኩት።

"ለጩጬ ላኪለት፤ እሱ ስህተት አያመልጠውም።"

ይኸው አትሜ ልኬልሃለሁ።

ዛሬ አለቃዬ "ስህተቱ ተገኘ?" ሲለኝ "ፕሮግራሙ ላይ ስህተት የለም" አልኩት። ደስ ብሎት ጨበጠኝ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ።

ስትደውል ከጠየቀህ "ደርሶኛል፣ ያምራል" በለው፤ እንዳታርመው አደራ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዤለታለሁ፤ ለዓይንህ ነው ብዬዋለሁ። አንተ ደግሞ እረፍቴን ክረምት ላይ ነው የምወስደው ብለህ ነበር አይደል? ሥራህን ጥለህ ና ማለቴ አይደለም። ክረምት ግን ሩቅ ነው፣ ጩጬ።

ባለህበት ሰላም ዋል፤ እንቅልፍህ የጠገበ፣ መንገድህ የቀና ይሁን።

እህትህ