ከድልድዩ ያልወረደው ጄኔራል

ውድ የኋላሸት፣

እንኳን ደስ አለህ! ሌላውን ሰላምታ በኋላ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ስማ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚያስኬደው መንገድ ዳር፣ ወደ ትውልድ ቀበሌህ በሚያስገባው መገንጠያ ላይ መታሰቢያህ ቆመ። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል። ስምህ ከነማዕረግህ ተቀርጾበታል። ይህ ግን እንዲሁ በቀላሉ የመጣ አይደለም፤ ተሟግተንበታል።

ነገሩን የጀመሩት የከተማው ሽማግሌዎችና ወጣቶች ናቸው። ከዚህ አገር ጄኔራል ወጥቶ እንዴት አንድ ምልክት እንኳ አይቆምለትም ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው አቶ አለምነው ቤቴ ድረስ መጥቶ ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን አነበበልኝ። «አቶ የኋላሸት ምናለ፣ የጦር መኮንን የነበሩ» ይላል። ጄኔራል የሚለውስ የት ሄደ ስለው አንገቱን ደፋ። ማዕረግህ በፍርድ እንደተገፈፈ፣ ለመመለሱም ማስረጃ እንደሌለ፣ ነገ አንዱ ተነሥቶ ቢከራከር ድንጋዩ ሊነቀል እንደሚችል በትሕትና አስረዳኝ።

እውነቱን ነው፤ የመለሰልህ የለም። አንተ ከእስር ስትወጣ ያሰረህ መንግሥት ራሱ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። ሲወድቅም ጦሩ ተበተነ። ማንን ትጠይቅ ነበር? አገርህ ገብተህ ገብስ ዘራህ፣ ቀፎ ሰቀልክ። ሰው «አቶ የኋላሸት» ሲልህ «አቤት» ትል ነበር፣ ያውም ፈገግ ብለህ። እኔ ግን «አቶ» በተባልክ ቁጥር ውስጤ እንደሚቃጠል አንድ ቀንም አልነገርኩህም። አንተ የተውከውን እኔ ልቆሰቁስብህ አልፈለግኩም።

ለአቶ አለምነው፣ «ማዕረጉ ከሌለ ድንጋዩም ይቅር» አልኩት።

ልጃችን ሉሊት ይህን ስትሰማ ከደሴ ደውላ ተቆጣችኝ። እኔ ግትር ብዬ ኮሚቴው ቢበተን ስምህ ጭራሽ ሳይጻፍ ይቀራል ብላ ለመነችኝ። ጎረቤቱም ከእሷ ጋር ሆነ። እኔም ብሆን ፈርቼ ነበር። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ይህ ዕድል ካመለጠ ሌላ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም። ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

ወሬው እስከ ከላላ ከተማ ገበያ ደረሰ። እዚያ ያሲን ሰማ። ከሰሜኑ ግንባር ጭኑን ተመትቶ የተመለሰው፣ በየዓመቱ ሊጠይቅህ ይመጣ የነበረው ያሲን። ጉዳዩ በከተማው አዳራሽ ሕዝብ ተሰብስቦ በሚወሰንበት ቀን ልጁን ፈይዛንና ሽማግሌ ወታደሮችን አስከትሎ መጣ። ከደጎሎ በሚኒባስ የመጣ አለ፤ በበቅሎ የመጣም አለ። ያሲን ከበሩ ጀምሮ «አሰላሙ አለይኩም» እያለ መጥቶ እጄን ያዘኝ። «አብሽሩ እትዬ የትምወርቅ፤ እኛ አለን» አለኝ።

አንተ ስለዚያ ቀን አውርተህ አታውቅም። ሕዝቡ ከያሲን አፍ ሰማው። ጦሩ ሲያፈገፍግ ድልድዩ ባስቸኳይ እንዲፈርስ ከበላይ ታዘዘ። ቁስለኞቹ ገና ከወንዙ ማዶ ነበሩ። ጥቂት ይቆይልኝ ብለህ ብትጠይቅ እምቢ አሉህ፤ አንተን ዘለው ለመሐንዲሶቹ በቀጥታ «አፍርሱት» የሚል ትዕዛዝ ሰጡ። ያኔ ሄደህ ድልድዩ መሐል ላይ ቆምክ። የመጨረሻው ቃሬዛ እስኪያልፍ ከዚያ አልወረድክም። ድልድዩ የፈረሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንተም በእምቢተኝነት ተከሰስክ።

ያሲን ይህን ተናግሮ ወደ ኮሚቴው ዞረ።

«ማዕረጋቸውን የገፈፏቸው እኛን ስላሻገሩ ነው» አለ። «እናንተም ከድንጋዩ ላይ ካስቀራችሁት፣ የፈረዱባቸው ሰዎች ልክ ነበሩ ማለታችሁ ነው። እንግዲያ እኔም እዚያው ማዶ መቅረት ነበረብኝ። ይህች ልጄ ፈይዛም ባልተወለደች።»

ፈይዛን የማያውቅ የለም፤ አዋላጅ ነርስ ናት። በዚህ ከተማ እሷ ያላዋለደችበት ቤት ጥቂት ነው። አቶ አለምነው ቀና ብሎ አያት። የመጨረሻ ልጁ ሲወለድ ምጡ ጸንቶ ሚስቱ ልትሞት ስትል በሰላም የገላገለቻት እሷ ናት። ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይጻፍ» አለ። «የሚከራከር ከመጣ እኔ እመልስለታለሁ።»

እልልታው አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ለሉሊት ደውዬ ብነግራት አልቅሳ አልቅሳ በማግሥቱ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች።

ቅዳሜ ዕለት ነፋሱ ጋቢ ይገፍፍ ነበር። ቄሱ ባረኩ፣ ሼኹ ዱዓ አደረጉ። መንገዱ በሰው ስለተሞላ የጭነት መኪኖች ቆመው ሾፌሮቹ እየወረዱ ተቀላቀሉን። ያሲን ሽማግሌዎቹን አሰልፎ «ተጠንቀቅ!» ሲል ምርኩዝ የያዘው ሁሉ ቀጥ አለ። ጨርቁን የገለጥኩት እኔ ነኝ። «ብርጋዴር ጄኔራል የኋላሸት ምናለ፤ ቁስለኞቹ ሁሉ እስኪሻገሩ ከድልድዩ ያልወረዱ» ይላል። ሉሊት ጮክ ብላ አነበበችው። ሽማግሌዎቹ ሰላምታ ሰጡህ፤ እኔም በማላውቅበት እጄን ግንባሬ ላይ አደረግኩ።

ሰው መበታተን ሲጀምር አንድ ረጅም ሽማግሌ ወደ እኔ መጣ። ከወታደሮቹ ጋር አልተሰለፈም ነበር። ገበየሁ እባላለሁ፣ ከወግዲ ነኝ አለኝ።

«መሐንዲስ ነበርኩ እትዬ። ማፈንጃው በእኔ እጅ ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ የታዘዝኩትን ከማድረግ ወደኋላ አልልም ነበር። እሳቸው መሐሉ ላይ ሆነው ‹አይዞህ ልጄ፣ ቆይ› ብቻ አሉኝ። ቁስለኞቹን እንዳዳኑ ሁሉም ያወራል። እኔን ከምን እንዳዳኑኝ የማውቀው ግን እኔ ነኝ።»

እጁን ይዤ ወደ ያሲን ወሰድኩትና ማን እንደሆነ ነገርኩት። ያሲን ምርኩዙን ለፈይዛ ሰጥቶ በሁለት እጁ አቀፈው።

«አልሃምዱሊላህ ወንድሜ፣ ሁለታችንም ተሻግረናል» አለው።

አሸንፈሃል የኋላሸት። በሕይወትህ ሳለህ አሸንፈህ ነበር፤ አሁን መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል። ዕረፍ። ልጅህ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፤ እንደዚህ ደስ ብሎኝም አያውቅ።

የጄኔራል የኋላሸት ምናለ ባለቤት፣
የትምወርቅ
መካነ ሰላም