ለአባታችን ሽጉጥ የሰጠሁት ምስክርነት

ውድ ታላቅ ወንድሜ ሜዋ ጉል፣

ጤናህን አልጠይቅም። ከካራቺ የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ወፍረሃል እያለ ይነግረኛል። እኔም አለሁ፤ እዚሁ ዳራ ከተማ፣ እዚያው የሽጉጥ ሱቃችን። ታላቅ ወንድም አባት ነው ይባላል፣ ሦስት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ የከረምኩት ለዚህ ነበር። ዛሬ ግን ልናገር ነው።

በእኛ ከተማ ሽጉጥ መሥራት የማይችል የለም። አባታችን ግን አስመስሎ መሥራት ነውር አይደለም፣ የሠሩት ላይ የሞተ እንግሊዝ ሽጉጥ ቁጥር መምታት ነው ነውሩ ይል ነበር። አንተ እጁን ወረስክ፣ እኔ ዓይኑን። አሮጌ የጦር ሽጉጥ የሚሰበስቡት የፔሻዋር ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት ለእኔ ያሳዩ ነበር። የቱ ክፍል ከፋብሪካ እንደወጣ፣ የቱ እዚህ ተቀይሮ እንደታደሰ እነግራቸዋለሁ። ታድሷል ካልኩ ታድሷል ነው፣ ማንም አይከራከረኝም። ከዚህ ቃሌ ሌላ ሀብት አልነበረኝም።

ከሂማት ሻህ ቤት ጋር በውሃ ጉድጓዱ የተጣላን ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ከሁለታችንም መሣሪያ በመያዣነት ጠየቁ። ፍርዱን ያፈረሰ ሰው መሣሪያው ለባላጋራው ይቀራል። እነሱ የአያታቸውን ጠመንጃ አመጡ። አንተ የአባታችንን የእንግሊዝ ሽጉጥ በጨርቅ ጠቅልለህ መጣህ። መያዣ ደግሞ ኦሪጅናል ካልሆነ ምኑን መያዣ ሆነ? እዚህ የተሠራውን ያጣ ሰው በሳምንቱ ሌላ ይሠራል። ሰብሳቢው ሽማግሌ ማን ይመርምረው ብለው ሲጠይቁ ቀድሞ የተናገረው ሂማት ሻህ ራሱ ነበር።

"ዘሪን ይየው" አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። "እሱ ለወንድሙ ብሎ እንኳ አይዋሽም።"

ባላጋራችን ነው እንዲህ ያለው፣ ልብ በል።

ወደ ብርሃን ወስጄ ከፈትኩት። ገላው የአባታችን ነው። አፈሙዙና ጥይት የሚጎርሰው የሚሽከረከር ክፍል ግን የእሱ አይደሉም። ፋብሪካ መጀመሪያ ቁጥሩን ይመታል፣ ከዚያ ብረቱን ያጠቁራል፤ ስለዚህ ጥቁረቱ ቁጥሩ ውስጥ ድረስ ይገባል። ያንተ ቁጥር ጥቁረቱን ቀዶ ነው የገባው። ሰባት ቁጥሯ ደግሞ እግሯ ሽርፍ ናት። የሱቃችን የቁጥር ማተሚያ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፣ ልጅ ሆኜ ድንጋይ ላይ ጥዬ የሸረፍኩት እኔው ነኝ። እውነተኞቹን ክፍሎች ለአሮጌ ሽጉጥ ሰብሳቢ ሸጠህ በቦታቸው የራስህን ሥራ ተክተሃል። ቀና ስል ሻይህን ትጠጣለህ። በዓይንህ እንኳ አልለመንከኝም፣ ታውቀኛለህና።

እውነቱን ብናገር የአባታችን ቤት በሽማግሌ ፊት ይዋረዳል። ደግሞ ቸግሮት ይሆናል ብዬ አዘንኩልህ፣ ሞኝ! "ኦሪጅናል ነው" አልኩ። በሕይወቴ ስለ ሽጉጥ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጉድጓዱ የጋራችሁ ነው ብለው ፈረዱ። አንተ በወሩ መሬቱን ከነጉድጓዱ ለባዕድ ሸጠህ ካራቺ ገባህ። ከመጀመሪያው አስበህበት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ምን ታጣለህ? የራስህን ሞረድ ሥራ።

ሂማት ሻህ ፍርዱን ስላፈረስክ በመያዣነት የደረሰውን ሽጉጥ ፔሻዋር ወስዶ አስመረመረው፣ ሳቁበት። አንድ ጠዋት ሱቅ መጥቶ ከሞርሳው አጠገብ አስቀመጠው። ሻይ ቀዳሁለት፣ አልነካውም። በእኛ አገር ቤትህ ገብቶ ሻይህን ያልነካ ሰው ወዳጅህ አይደለሁም ማለቱ እንደሆነ አንተም አልረሳኸውም።

"ዘሪን፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አለ። "የሳተው ዓይንህ ነው ወይስ ምላስህ?"

ዓይኔ ነው ብለው ኖሮ አዝኖልኝ ይሄድ ነበር። ሰው ነው፣ ይሳሳታል ይባልልኝ ነበር። አልቻልኩም።

"ምላሴ ነው" አልኩት።

"ዓይንህ በሆነ ይሻል ነበር" ብሎ ሽጉጡን እዚያው ትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የፔሻዋር ሰዎች በደጄ እያለፉ ሌላ ሱቅ ይገባሉ። ሰላም ይሉኛል፣ እሱስ አልቀረብኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ አንድ የካራቺ ሹፌር የላክኸውን ሽጉጥና ደብዳቤ አመጣልኝ። አንድ የካራቺ ሀብታም ሊገዛው ነው፣ "ኦሪጅናል ነው ብለህ ፈርምልኝ፣ ያንተ ቃል እዚህም ይከበራል" ትላለህ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ። ግማሽ ቀን መረመርኩት። ሐሰተኛ በሆነና ባጋለጥኩህ ብዬ ተመኝቼ ነበር፣ አልዋሽህም። ግን ንጹሕ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ነው፣ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ሞረድ አልነካውም። ከአንተ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወረቀቱን ግን አልጻፍኩልህም። ሽጉጡን በዚያው ሹፌር መልሼልሃለሁ። ሌላ ሰው ይፈርምልህ፤ የእኔ ፊርማ ካለበት እሱም ሐሰተኛ ይባላል።

የአባትህ ልጅ፣
ዘሪን